የእትዬ ኮከቤ ቤትና የቦዩ መስመር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ኮከቤ፣ ጂንካ።

እንዴት ከረምሽልኝ እትዬ? ከመሐል ሜዳ ብርድ ተነሥቶ ጂንካ ሙቀት ድረስ የሚደርስ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ያ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ቆላው ይሻለዋል ብሎ የነበረው ሐኪምሽ አሁንም በቃሉ ጸንቷል ወይስ እንደ ሌሎቹ ሐሳቡን ለወጠ? ጋሼ አስፋውስ እንደምን ናቸው? ጡረታ ከወጡ ወዲህ የመንገድ ሥራ መኪና ባለፈ ቁጥር ከደጅ ወጥተው ይቆማሉ ያልሽኝን ለባለቤቴ ለማርያማዊት ነግሬያት ስንስቅ ሰነበትን። ልጃችሁ ፀጋዬስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ማርያማዊት ደህና ናት፤ ጥርሷን ትንሽ ያማታል፣ እኔን ስትቆጣ ግን አያግዳትም።

የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ አልከፋም። ገብሱ ራቤል በኩል ከእኛ ይሻላል ይላሉ፣ የእኛም ክፉ አይደለም። ጓሳ ላይ ዘብ የሚቆሙት ሰዎች ሣሩን አጥብቀው ይዘውታል፤ ያለ ጊዜው ያጨደ ሁለት ሰው ተቀጥቷል። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ አሁንም እንደ ድሮው ሰው እስኪሞላ ያስጠብቃል። ትናንት ጾመ ሐዋርያት ገባ፤ ማርያማዊት ሽሮ አበዛሽ ብላት አኩርፋኛለች።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ የማወራሽ ዋናውን ነገር ላዘገይ ብዬ መሆኑ አይጠፋሽም። ልጅ ሆኜም ገንቦ ስሰብር መጀመሪያ ስለ በጎቹ ነበር የማወራሽ። በስልክ ስንት ጊዜ ልነግርሽ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰርብኛል። ስለዚህ ብዕር አነሣሁ። ቤትሽ ሊፈርስ ነው። ከሦስቱ ክፍሎች የፊተኞቹ ሁለቱ ይፈርሳሉ፤ የምትተርፈው የኋላዋ ትንሿ ክፍል ብቻ ናት። የፈረደው ፍርድ ቤት ነው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ የወንድምሽ ነው። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። የአባባ የገብስ ማሳ ወደ ከተማ ሲከለል ለእኛ ለወራሾቹ ምትክ ቦታ ሰጡን። እኔ በመምህርነቴ ዘመን የሠራሁት ቤት ስላለኝ ቦታው ላንቺ ይሁን አልኩ፣ ካርታውም በስምሽ ወጣ። ዙሪያውን ያለውን መሬት የመኖሪያ ቤት ሠሪዎች ማኅበር አባላት ተመሩት። አንቺን ወክዬ ማኅበሩ ውስጥ ስገባ ጊዜ፣ ጽሕፈቱ ያምራል ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። ማንም መሠረት ሳይቆፍር የሰፈሩ መንገድ፣ የውኃ ቧንቧውና የጎርፍ መውረጃው ቦይ በየት በየት እንደሚያልፍ በፕላን ተነድፎ ለከተማው ምክር ቤት ቀረበ፤ ምክር ቤቱም አጸደቀው። ቀያሽ መጥቶ ችካል ተከለ። ቦዩን መቆፈር የማኅበሩ ድርሻ ነው ተባልን።

አንቺ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመንሽኝ። በሬን ስከፍት መድኃኔዓለም ይታየኝ፣ ጉልበቴ እምቢ ያለኝ ቀን ከደጄ ቆሜ ልሳለም አልሽኝ። ለእኔ ያሳደግሽኝ እህቴ የጠየቅሽኝ ነገር ነውና እንቅልፍ ነሣኝ። ቦታውን ስዞር ስዞር፣ ጉልላቱ ሳይጋረድ የሚታይበት አንድ ስፍራ ብቻ አገኘሁ። ያ ስፍራ ደግሞ ግማሹ ከካርታሽ ውጭ ነው፣ ለቦይ ተብሎ በተተወው አራት ሜትር ላይ ያርፋል።

የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ በሚካኤል ዕለት ነበር፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን። ተነሥቼ ለመንኳቸው። እህቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው አገር ሙቀት ስትቃጠል ኖራ የምትመለሰው ለመሞቻዋ ነው፣ ቦዩ ከቤቷ በላይ ትንሽ ዘወር ቢል ማንን ይጎዳል አልኳቸው። ለመሞቻዋ ማለቴን ይቅር በይኝ፣ ሆዳቸውን ላባባ ብዬ ነው። ደግሞም ባባላቸው! ሠላሳ አራት ሰው እጁን አነሣ። ከሁሉ ኋላ ያነሣችው ወይዘሮ ገበያነሽ ናት። ይህች ከአንቺ ቦታ ግርጌ በድንጋይና በጭቃ ሁለት ክፍል የሠራችው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቦዩ ሲታጠፍ እጥፋቱ ከእሷ ጓሮ ራስጌ እንደሚውል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እጇን ቀስ ብላ ስታነሣ አይቻት ዓይኔን ወደ ደብተሬ መለስኩ።

በዚህ አላበቃሁም። ነገ ሐሳቡን የሚለውጥ እንዳይነሣ ብዬ፣ ቄስ ገብረ ክርስቶስ እንዲገዝቱልን ለመንኩ። እሳቸው የማኅበሩ አባል ናቸው፣ ለአብዛኞቻችንም የንስሐ አባት። መጀመሪያ ይህ የግዝት ነገር አይደለም ብለው ነበር፤ እኔ ነኝ የጎተጎትኳቸው። በመጨረሻ መስቀላቸውን አውጥተው ይህን ስምምነት ያፈረሰ፣ ነገሩን ወደ ቢሮ ወይም ወደ ዳኛ የወሰደ ውጉዝ ይሁን አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ቃለ ጉባኤውን እኔው ጻፍኩት፣ በዚያች በሚያምረው ጽሕፈቴ!

በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ የፕላን ሠራተኛውን እግረ መንገዴን ጠየቅኩት። የአባላት ስምምነት ብቻውን አይበቃም፣ የጸደቀ መስመር የሚለወጠው በምክር ቤቱ ነው፣ ሞልተህ አምጣ ብሎ ቅጽ ሰጠኝ። አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በሦስት ወር አንዴ ነው፣ ግንበኛው ደግሞ ዛሬ ካልጀመርኩ ሌላ ሥራ እይዛለሁ እያለ ያጣድፈኛል። ግን ለምን እዋሽሻለሁ፣ ጊዜ ብቻ አይደለም ያሳሳተኝ። ትዕቢት ይዞኝ ነበር። ግዝት ባለበት ነገር ላይ ምክር ቤት ምን ሊጨምርበት ነው አልኩ። ሠላሳ አራት ፊርማና አንድ መስቀል ይዤ ማን ይነካኛል አልኩ።

ችካሉን ነቅለን፣ ቦዩን በደቦ ባሰብነው በኩል ቆፈርን። ቤቱም በወጉ ተሠራ። በሩ የተገጠመ ቀን ፎቶውን በስልክ ልኬልሽ፣ ያንቺ እልልታ ከስልኩ ወጥቶ ግንበኞቹን ያሳቃቸው ትዝ ይልሻል? እኔማ ያን ቀን መሬት አልበቃችኝም።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ ውኃው እጥፋቱ ጋ ሲደርስ እንደ ሰው መታጠፍ አቃተውና ቀጥ ብሎ ወደ ወይዘሮ ገበያነሽ ጓሮ ወረደ። ሄጄ ባይ ድንች የተከለችበት ሁሉ ደለል ለብሷል። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋይ ትደረድራለች። አፈር የሞላሁበት ማዳበሪያ አምጥቼ አገዝኳት። ምንም አይደል መምህር፣ የመጀመሪያ ክረምት ነው፣ መሬቱ ሲረጋ ይተዋል አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አመንኳት። ሰው የሚፈልገውን ሲነግሩት እንዴት ቶሎ ያምናል!

በሁለተኛው ክረምት ባሰ። በፍልሰታ ጾም መካከል የኋላ ግድግዳዋ ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ በረቱ ላይ ተደረመሰ፣ ሁለት የወለዱ በጎቿ ከነግልገሎቻቸው ሞቱ። እሷ ለቅዳሴ ሄዳ ነበርና ተረፈች። ሰፈሩ ተሰብስቦ ፍርስራሹን ሲያነሣ፣ አንድም ሰው ስለ ቦዩ ትንፍሽ አላለም። ግዝቱ የሁላችንንም አፍ ይዞታል። እሷም አላነሣችውም። በጎቹን ጎትተን ስናወጣ ብቻ ወደ ቤትሽ ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። እትዬ፣ ያን ቀን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሄደች። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። አባቴ፣ ወይ ግዝቱን ይፍቱልኝ፣ ወይ ከነግዝቱ ከስሼ ልኮነን፣ ሦስተኛውን ክረምት ግን እዚያ ቤት ውስጥ ተኝቼ አልጠብቀውም አለቻቸው። ቄሱ አለቀሱ። ጥፋቱ የገዘትኩት የእኔ ነው ብለው ፈቷት፣ ቀኖናውንም በራሳቸው ላይ ጫኑ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ በየቀኑ ሲሰግዱ ነው የከረሙት። ሲነግሩኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጥቅምት ላይ መጥሪያ ደረሰኝ። ጠበቃ አላቆመችም፣ ብቻዋን ቆማ ተናገረች። እኔ ቃለ ጉባኤዬን ከነሠላሳ አራት ፊርማው አቀረብኩ። ዳኛዋ በዕድሜ ካስተማርኳቸው ልጆች የምትስተካከል ናት። ገልብጣ አነበበችውና፣ ምክር ቤቱ መስመሩን የለወጠበት ውሳኔ የታለ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። እንግዲያውስ ስማኝ አባቴ አለችኝ። ፍርድ ቤት ፕላን አያጸድቅም፣ አይለውጥም፣ ያ የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው፤ የእኔ ሥልጣን የጸደቀው በሥራ ላይ መዋሉን ማስከበር ነው አለች። ግዝቱን ባነሣባት፣ አከብረዋለሁ፣ ነገር ግን ጎርፉን ማን ገዘተው አለችኝ። ችሎቱ ሳቀ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ምክር ቤቱ አሁንም ለውጡን ከተቀበለህ ውሳኔውን ይዘህ ና ብላ ረዘም ያለ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ያንን የታጠፈ ቅጽ ከደብተሬ አወጣሁት፣ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። ሞልቼ አስገባሁ። የምክር ቤቱ ሰዎች መሐንዲስ ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ መሬቱ ወደዚያ አያዘነብልም አሉ። በስብሰባው ላይ አንድም እጅ አልተነሣልኝም። ስወጣ ሰብሳቢው ተከትሎኝ መጣና ያለኝን እስክሞት አልረሳውም። መምህር፣ ያን ጊዜ መጥተህ ቢሆን ቤቱን አራት ሜትር ወደ ኋላ አስጠግተን፣ በሩን በስተጎን እናዞርልህ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይታይ ነበር አለኝ። አየሽልኝ እትዬ! ሁለቱም ይሆን ነበር። አንድ ወረቀት ሞልቼ ሦስት ወር ብታገሥ ኖሮ ዛሬ አንቺም ቤትሽ ነሽ፣ ገበያነሽም በጎቿ አሉ።

ከመጨረሻው ችሎት በፊት አንድ ነገረ ፈጅ፣ ችካሉን ከብት ነቅሎት ነበር፣ የድሮው መስመር በየት እንደነበር አላስታውስም በል ብሎ መከረኝ። ልቤ ወደዚያው ሄዶ ነበር፣ አልደብቅሽም። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጄን ሳደርግ ግን ቄሱ ከኋላ ተቀምጠው አየኋቸው። ዳኛዋ የጸደቀው ቦይ ዛሬ ቤቱ በቆመበት በኩል ነበር ወይ ስትለኝ፣ አዎ፣ ችካሉንም የነቀልኩት እኔ ነኝ አልኳት። መጋቢት ሃያ ስምንት ቀን፣ ለፋሲካ ዐሥር ቀን ሲቀረው ተፈረደ። ቦዩ ከክረምቱ በፊት ወደ ጸደቀው መስመሩ እንዲመለስ፣ መስመሩ ላይ ያረፈው ግንብም እንዲነሣ።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልንገርሽ። ይግባኝ ለማለት ስድሳ ቀን ነበረን። ውክልናሽ በእጄ ነው። ነገረ ፈጁ፣ ደብረ ብርሃን ይግባኝ ብትል እግድ ታገኛለህ፣ ነገሩ ሲጓተት ይህ ክረምት ቀርቶ ቀጣዩም ያልፋል፣ እስከዚያ ቤቱን ማንም አይነካውም ብሎኝ ነበር። እኔም ስድሳውን ቀን ሙሉ ልሂድ አልሂድ ስል ባጀሁ። አንቺ ደግሞ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ደውለሽ የቤቱን ቀለም ጠየቅሽኝ፣ እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነጣ ያለ ይሻላል አልኩሽ።

የመጨረሻው ቀን ትናንት ነበር። ማልጄ ተነሥቼ መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። በሰፈሩ በኩል ሳልፍ ወይዘሮ ገበያነሽ ድንጋይ ተሸክማ የቀረውን ግድግዳዋን ታስደግፋለች። ከጓሳ በኩል ደመናው ጠቁሮ ወርዷል። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ፣ ድንጋዩን ግን አላወረደችም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው እስኪሞላ ጠበቅኩ። ሞላ። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ወራጅ አለ አልኩ። ሰዎቹ ተነጫነጩብኝ፣ እኔም ወርጄ መዝገቡን እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እትዬ፣ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። ብነግርሽ ይግባኝ በል ትዪኛለሽ፣ አንቺ ካልሽኝ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ግን ሌላ ነገር አንገበገበኝ። ምናልባት አንቺ ተው፣ ይፍረስ ትዪ ነበር። የራስሽን እንጀራ ቆርሰሽ ያበላሽኝ ሰው ነሽ፣ ያን ማለት አያቅትሽም ነበር። እኔ ግን እንድትዪው ዕድል አልሰጠሁሽም። የሃያ ዓመት ድካምሽን በአንድ ቅጽ ስንፍና አጠፋሁት፣ አሁን ደግሞ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ብትረግሚኝ አይቆጨኝም። ብቻ ዝም እንዳትዪኝ።

ቆርቆሮውን ራሴ ወጥቼ ነው የምነቅለው፣ ሌላ ሰው እንዲያጎሳቁለው አልፈልግም። በሩንና መስኮቶቹን እኔ ቤት አስቀምጣቸዋለሁ፣ አንዳቸውም አይጠፉም። ቦዩን ደግሞ ከሰኔ አምስት ጀምሮ ማኅበሩ በደቦ ይቆፍራል፣ ቄስ ገብረ ክርስቶስም ዶማ ይዤ እወጣለሁ ብለው እምቢ ብለውናል። ለኋላዋ ክፍል አዲስ በር ማውጣት ይቻላል ወይ ብዬ ማመልከቻ ጽፌ፣ ዛሬ በእጄ ለምክር ቤቱ አስገብቻለሁ። እስኪፈቅዱ ድረስ አንዲት ድንጋይ አልነካም። ጋሼ አስፋው ከተቆጡ እውነት አላቸው በያቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ከመጣችሁ የእኔ ቤት የእናንተ ነው፤ እኔና ማርያማዊት ማድ ቤቷን ጠርገን እዚያ እንተኛለን፣ እሷም ሳታስጨርሰኝ ነው እሺ ያለችኝ።

ለጋሼ አስፋው እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ፀጋዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ አጎትሽ በቤቱ ነገር ቃሉን አልጠበቀም፣ ግን ይወድሻል በያት። ማርያማዊት ጉልበትሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቄስ ገብረ ክርስቶስ በጸሎታቸው ስምሽን እየጠሩ ነው፣ ይቅርታም ይለምኑሻል። ወይዘሮ ገበያነሽም ሰላም ብላሻለች። ዛሬ ጠዋት ይግባኝ አለመባሉን ሰምታ ቤቴ ድረስ መጣች። የተውሽላት አንቺ ይመስላታል። ቆማ ወደ ደቡብ ዞራ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቤቷን የሰጠችኝ ሴት ቤት አትጣ ብላ መረቀችሽ። አይደለም፣ እህቴ እንኳን ልትተውልሽ ወሬውንም አልሰማችም ልላት አፌን ከፍቼ አቃተኝ። ምርቃቱን እንዳለ ጽፌ ልኬልሻለሁ፤ ያንቺ ይሁን አይሁን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ
ይሥሐቅ

መሐል ሜዳ
ግንቦት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.